ጎረቤት የሚጠብቅ ግድግዳ

ሚስቴ የላከችኝ ዳቦ እንድገዛ ነበር። እኔ ደግሞ ዳቦ ግዛ ተብዬ በቀጥታ ዳቦ ቤት የሄድኩበት ቀን የለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ዳቦ ቤቱም ያውቃል። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብዬ አንዲት ማኪያቶ ቆሜ ጠጣሁ፣ የቸርችል ጎዳና ባለታክሲዎች እርስ በርሳቸው ሲመራረቁ ጥቂት አዳመጥኩ፣ ከዚያም ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ጠባብ መንገድ ታጠፍኩ። ለምን እንደታጠፍኩ አትጠይቁኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ይወዳል፤ እኔና እሱ የምንጣላው ሽቅቡ ላይ ነው። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ታዲያ ከእግሬ በፊት አፍንጫዬ ቆመ። አዲስ የተሰነጠቀ ጥድ ሸተተኝ።

ዛሬ ከተማው የሚሸተው ሲሚንቶና ናፍታ ነው። ያኔ፣ ፒያሳ የሚለውን ስም ገና ማንም ሳያመጣብን፣ አራዳ አራዳ ብቻ በነበረች ጊዜ፣ ጠዋት በሩን ከፍቶ የወጣን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የጥድ ሽታ ነበር። ሁሉም ሰው ቤት ይሠራል፤ የሣር ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ ያለው ፎቅ ይመኛል። አናጢዎቹ ፍቅፋቂውን ደጅ ይደፉታል፤ በአንድ መሐለቅ አንድ እቅፍ ለማገዶ ይሸጥ ነበር። ያን ፍቅፋቂ ያነደደ ሰው ልብሱ ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል። እኔም በዚሁ ዘዴ ብዙ እሑድ ቅዳሴ የቆየሁ መስዬ አልፌአለሁ።

ሽታው የመጣው ከማውቀው ቤት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው "ጠባቡ ፎቅ" ከሚለው። አናጢዎች ገብተው የበሰበሰውን ደረጃ እያወለቁ በአዲስ ጥድ ይተካሉ። ከደረጃው ሥር ያወጡትን ጥርብ ድንጋይ ደጅ ላይ ከምረውታል። ድንጋዮቹን ሳያቸው ባርኔጣዬን አወለቅኩ። እንዴት እንዳወለቅኩት አላውቅም፤ ሰው ለድንጋይ ባርኔጣ ያወልቃል እንዴ?

"አባባ፣ ይለፉ፣ ሚስማር አለ" አለኝ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ የአናጢዎቹ አለቃ።

"ይሄ ድንጋይ ወዴት ሊሄድ ነው?"

"ቆሻሻ ነው። ከሰዓት መኪና መጥቶ ይጭነዋል።"

"ቆሻሻስ አይደለም። የኔ ነው።"

ሰውዬው መጀመሪያ ባርኔጣዬን፣ ቀጥሎ ጫማዬን አየ። "ድንጋዩ? እንደ ጃንጥላ ረስተውት ሄደው ነው?"

"አዎ። ጠላት ሳይገባ ነው የረሳሁት።"

"እንግዲያውስ እስከ ከሰዓት ይውሰዱት" ብሎ መጋዙን አነሳ፤ ሌሎቹ ሳቁ። የአራዳ አናጢ ድሮም ዛሬም ምላሱ ከመጋዙ ይሰላል። እኔ ግን አልሳቅኩም። እነዚያን ድንጋዮች በተነሡበት ግድግዳ ላይ መልሼ ልገነባ የማልኩ ሰው ነኝ። መሐላውን ያስማሉኝ ሞተዋል፣ የሰሙትም አልቀዋል፤ የቀረነው እኔና አንዲት ዳቦ የምትጠብቅ ሴት ብቻ ነን። እንዴት እንደማልኩ ለመናገር ደግሞ ከቤቱ መጀመር አለብኝ፤ ቤቱ ባይኖር መሐላውም፣ ሴትዮዋም፣ ዳቦውም አይኖሩም ነበር።

ቤቱን ያሠሩት አንድ ግራዝማች ናቸው። በጉልምስናቸው ከመልእክተኞች ጋር እንግሊዝ አገር ሄደው፣ ሎንዶን ላይ አንድ ቤት ውስጥ አሳድረዋቸው ነበር። ቤቱ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ደረጃው በውስጥ፣ በየክፍሉ ከግድግዳ ውስጥ የሚነድ እሳት፣ ማድ ቤቱ ደግሞ ከመሬት በታች። ግራዝማች ከዚያ አገር ሌላ ምን እንዳዩ ማንም አያውቅም፤ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለዚያ ቤት ብቻ ነበር። ሲመለሱ "እንደዚያ ያለ ቤት ሳልሠራ አልሞትም" አሉ፤ ቦምቤይ ላይ ለእንግሊዞች የገነባ አንድ ሕንድ ግንበኛ አገኙ፤ አፈሩ ላይ በከዘራቸው ሥለው አሳዩት። ሎንዶን ውስጥ ቤቶቹ እንደ ጥርስ ተጣብቀው የቆሙ ስለሆኑ በግራና በቀኝ መስኮት የላቸውም፤ ጎናቸው ድፍን ነው። ግራዝማች በዐይናቸው ያዩትን ድፍን ድፍን ብለው ሣሉት።

"ጌታዬ፣ እዚህ እኮ ጎንዎ ሜዳ ነው፤ መስኮት ላውጣ?" አለ ሕንዱ።

"ያየሁት ቤት ጎኑ ላይ መስኮት የለውም።"

"እሱ ጎረቤት ስላለው ነው፣ ጌታዬ።"

"ለእኛም ይመጣል" አሉ ግራዝማች።

እንዲህ ሆኖ ነው ከእሪ በከንቱ በላይ፣ ዙሪያውን በቆሎ ብቻ በሆነ ሜዳ ላይ፣ ከድፎ ዳቦ ተቆርጦ የተረሳ ቁራሽ የመሰለ ቤት ብቻውን የቆመው። በፊት ለፊቱ የቀለም መስታወት ያላቸው መስኮቶች፣ የተፈለፈለ የጥድ ሰገነት፣ አንበሳ የተቀረጸበት በር፤ በጎንና በጎኑ ግን ዐይን የሌለው ግንብ። መንገደኛው "ሰውዬው መሬት አንሷቸው ነው ወደ ሰማይ የሄዱት?" ይል ነበር። የመጀመሪያው ዕለት እሳቱ ሲለኮስ ከጣሪያው ጢስ ወጣና ሰፈሩ ቤት ተቃጠለ ብሎ ውኃ በእንስራ ተሸክሞ መጣ፤ ግራዝማች ሰገነቱ ላይ ወጥተው በኩራት አመሰገኑ አሉ። ማድ ቤቱን ግን ባለቤታቸው እሜቴ ዘነበች እምቢ አሉ፤ "ወጥ ከመቃብር አይወጣም" ብለው ጓሮ ላይ ሌላ አሠሩ።

ግራዝማች ከሞቱ በኋላ እሜቴ ላይኛውን ፎቅ ለራሳቸው አስቀርተው የቀረውን በጣውላ እየከፈሉ ያከራዩት ጀመር። ያኔ አራዳ ውስጥ ለብቸኛ ሰው ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ የእሜቴ ቤት ለሁላችን መጠለያ ሆነ። ምድር ቤቱን፣ ያንን መቃብር የተባለውን፣ የወሎው ማር ነጋዴ ሐጂ ይማም ያዙት፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃው በሙሉ ማር ማር ይሸት ነበር። መካከለኛው ፎቅ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ረጅም አዳራሽ ነበር። እሜቴ መሐሉ ላይ የጥድ ጣውላ አቆሙበት። የፊቱ ክፍል ከነመስኮቶቹ ለመሪጌታ ጥበቡና ለልጃቸው ለጽጌ ሆነ። በስተኋላ ደረጃው ስለሚያልፍ መስኮት የሌለው፣ ጎኖቹም ድፍን የሆኑት ጨለማ ክፍል ለኔ ደረሰኝ። ጣውላው ጣሪያው ድረስ አይዘልቅም፤ እሜቴ ሆን ብለው አሳጥረውታል። ሲያከራዩኝ "ሁለቱ ብር የወለሉ ነው፤ ብርሃኑ የመሪጌታ ትራፊ ነው፣ ዋጋ አልጠይቅህም" አሉኝ። በግ በሁለት ብር በሚገዛበት ዘመን አንድ በግ በየወሩ ለጨለማ እከፍል ነበር ማለት ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ አርመን ጨርቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ነኝ። አቡጀዲውን፣ ከፋዩን፣ ሐሩን በክንዴ እየለካሁ እሸጣለሁ፤ ነጋዴው በቁመቴ ሳይሆን በክንዴ እጥረት ነው የቀጠረኝ የሚሉ ምቀኞች ነበሩ። ነጭ ተነፋነፍ ሱሪ፣ ሸራ ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ነበረኝ። ጊዮርጊስን ዞሬ በዚያ ኮት ቁልቁል ስወርድ በየሱቁ ደጅ የቆመው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ያዩኝም ነበር፤ ለምን እንደሚያዩኝ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውቤ በረሃ ጠጅ ቤት ገብቼ ከአዝማሪው አፍ ግጥም እቀማለሁ፤ እሑድ ጠዋት እጨለማዬ ውስጥ ተኝቼ አንጎራጉረዋለሁ።

መሪጌታ ጥበቡ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ላይ ዳዊት ይገለብጣሉ። የሸምበቆ ብርዓቸው ሲጭር ይሰማኛል። ዐይናቸው እየደከመ ስለሄደ ከመስኮቱ አጠገብ ጽጌ እያነበበችላቸው እሳቸው ይጽፋሉ። እኔ የማያት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ፣ ያውም ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ነው፤ ድምጿ ግን በጣውላው ላይ እየተንጠለጠለ ወደኔ ይገባል። ለኔ ብላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል የፍቅር አልነበረም። አንድ እሑድ ትዝታውን እያላዘንኩ ሳለሁ፣ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ከጣውላው ማዶ፦

"ኧረ ስንኙን ገደልከው! ቤቱ አይመታም" አለች።

"እንግዲያው አንቺ አስመቺው" አልኩ። አስመታችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዝማሪውን ግጥም ይዤ የምመጣው ለሷ እርማት ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን እንደማንተዋወቅ ዝም እንባባላለን።

ጥምቀት ሲደርስ እንደ ወጉ ሎሚ ኪሴ ከትቼ ጃን ሜዳ ወረድኩ። የወደዷትን ልጅ ደረት በሎሚ መምታት ነው፤ ቀላል ነገር ነው፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ሁሉ ያደርገዋል። እኔ ጽጌን አየኋት፣ ከጎኗ መሪጌታን አየኋቸው፣ ሎሚውን ይዤ ተመለስኩ። ወንድነቴ ጣውላ ካልከለለው አይሠራም። ማታ ከመምሸቱ በፊት ከማዶ የእግር ኮቴ ሰማሁና እሷ ናት ብዬ ሎሚውን በጣውላው ላይ አሻግሬ ወረወርኩት። ቀጥሎ የመሪጌታ ሳል ተሰማ። በማግስቱ ጋቢያቸው ላይ ትልቅ የቀይ ቀለም ነጠብጣብ አየሁ፤ እሳቸው ምንም አላሉኝም፣ እኔም ሳምንት ሙሉ ደረጃውን በጣቴ ጫፍ ወጣሁ።

በመጨረሻ አጎቴ ባሻ ወልዴን፣ ሐጂ ይማምንና የንስሐ አባቴን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ። (የንስሐ አባቴን መጀመሪያ ማስተዋወቅ ነበረብኝ፤ ከኔ ጋር ማለቴ ነው።) አጎቴ "ሽማግሌ ሲገባ አንተ ከሰፈሩ ጥፋ። ባለጉዳዩ ባለበት ሽምግልና የለም" ብለው አስጠነቀቁኝ። እስከ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ከዚያ በላይ መሄድ አቃተኝ። በሸራ ጫማዬ ኮሽ ሳላደርግ ተመልሼ ጨለማዬ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ከጣውላው ማዶ ገና ወግ እየጀመሩ ነበር።

"ልጃችን ጨዋ ነው" አሉ አጎቴ። "ጠዋት ዳዊት ሳይደግም ከቤቱ አይወጣም።"

"ጠዋት የሚወጣው 'ወይኔ ረፈደብኝ' እያለ ነው" አሉ መሪጌታ። "እኔ ዳዊት ስገለብጥ ዕድሜዬ አለቀ፤ እንዲህ የሚል መዝሙር አላገኘሁም።"

"መጠጥ የሚባል አይቀምስም።"

"ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲገባ ይቅርታ የሚጠይቀው ማንን ነው? ደረጃውን ነው?"

ሐጂ ይማም ገቡበት። "መሪጌታ፣ ወጣት አይደል? ደግሞ ጸጥተኛ ነው። እንቅልፉ እንኳ የጨዋ እንቅልፍ ነው፤ ኮሽ አይልም።"

"ሐጂ፣ እርስዎ ምድር ቤት ስለሆኑ ነው። ሲያንኮራፋ እኮ ብርዑ ከእጄ ይዘላል!"

ይሄኔ ከጣውላው ሥር አቧራ ይሁን ጭንቀት፣ አነጠሰኝ። አፍንጫዬን በባርኔጣዬ አፈንኩት፤ ባርኔጣው ድምፁን አበዛው እንጂ አላፈነውም።

"ይማርህ" አሉኝ መሪጌታ ከማዶ።

ሽማግሌዎቹ ያልሰሙ መሰሉ። አጎቴ እንዲያውም "ልጃችን ዛሬ ለሥራ ወጣ ብሎ..." ማለት ጀምረው ነበር፤ ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ ጽጌ ልትቆጣጠረው ያልቻለችው ሳቅ ሲያመልጣት ተዉት። መሪጌታ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩ ጠቅ አለ። የደረቀው ሎሚ ነበር።

"ይሄንንም የጥምቀት ዕለት ልኮልኛል። ደረቴን ነው የመታኝ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሽማግሌ የምጠብቀው ለራሴ ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ ትራሱን ነከስኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን መሪጌታ ድምፃቸው ተለወጠ። "ዘሩን አልጠይቃችሁም፤ የሰው ዘር ቆጥሬ የማውቀውን ያህል ይሄን ልጅ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው ብቻውን ሲሆን እንዲህ አይዘፍንም። ነገር ግን ጽጌን ለጨለማ አልሰጥም። የኔ ዐይን እንዴት እንዳለቀ አይታችኋል፤ የሷን ዐይን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በኩራዝ አላስጨርስም። ሌላ ሰፈር ይከራይ እንዳልል ደግሞ እሷ ከራቀች ማን ያነብልኛል? መስኮት ያውጣና ልጄን ይውሰድ። መስኮት ከሌለ ልጅ የለችም።"

መስኮት! ክፍሌ መስኮት የሚወጣለት በጎኑ ብቻ ነው፤ በግራዝማች የደቡብ ድፍን ግድግዳ። እሱን የሚያስነካ ደግሞ እሜቴ ዘነበች ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንደ ወጉ እንደገና ሽማግሌ ላክን፤ አሁን የተላከው ግን ወደ ግድግዳ ነው። እኔም እንደ ወጉ ራቅ ብዬ፣ ማለትም ደረጃው ላይ ሆኜ፣ አዳምጣለሁ።

"ልጅ የለኝ፣ የልጅ ልጅ የለኝ፤ ማንን ልትጠይቁ መጣችሁ?" አሉ እሜቴ።

"ልጅ አይደለም እሜቴ" አሉ ሐጂ። "ግድግዳዎን ለልጃችን ብለን ነው።"

እሜቴ ነጠላቸው እስኪወርድ ሳቁ። መስኮት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን ሳቁ ቆመ። "ግራዝማች በየጠዋቱ ደጅ ወጥተው ያን ሜዳ ያዩ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከጎናችን መሠረት የሚጥል ሰው መጥቶ እንደሆነ ብለው። አልጋ ላይ ወድቀው እንኳ 'ዘነበች፣ ጎረቤቱ ሲመጣ ግድግዳችን ተበስቶ እንዳያገኘው' ነው ያሉኝ። በሰው ቃል ላይ መስኮት አላወጣም።"

ሽማግሌ አንድ ጊዜ እምቢ ተብሎ አይቀርም። በሌላ ቀን ተመለሱ። እሜቴ አሁንም እምቢ ለማለት ተዘጋጅተው ነበር፤ ብቻ "እስቲ ያን ጨለማ የምትሉትን ልየው" ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወረዱ።

"ጨለማ አይታይም እሜቴ" አልኩ። አፌ ድሮም ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

ክፍሌን ካከራዩኝ ወዲህ ገብተውበት አያውቁም። ቀትር ነው፤ ግን ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ እግራቸውን ድንጋይ መታቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። ግራዝማች እንደ ሎንዶኑ ያሠሩት የእሳት ቦታ ነበር፤ እኔ ጫማና ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ። እጃቸው ሽንኩርቱን አልፎ የድንጋዩን ጠርዝ እየዳበሰ ቆየ።

"እዚህ ነበር የሚቀመጡት" አሉ። "እዚህ ተቀምጠው በፊተኛው መስኮት መንገዱን ያያሉ። ፀሐይ እስከዚህ ይመጣ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ጨለማ አልነበረም።"

ከጣውላው ማዶ ጽጌ ማንበቧን አቆመች። እሜቴ እጃቸውን ዘርግተው ጣውላውን ነኩት።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ ወዴት እንዳለሁ ባያዩም በትክክል ዞሩ። "መስኮቱ ይውጣ። ግን አንዲት ድንጋይ አትጣልም፤ ደረጃው ሥር ትቀመጣለች። ጎረቤት የመጣ ዕለት መልሰህ ትደፍነዋለህ። ማል።"

"ግራዝማች ይሙቱ!" አልኩ በፍጥነት።

"ሞተዋል። በሌላ ማል።"

"ጽጌ ትሙት!"

ከጣውላው ማዶ "በራስህ ማል!" የሚል ቁጣ መጣ።

"እኔ ልሙት" አልኩ። እንግዲህ መሐላው ይሄ ነው።

ግንበኛው ግድግዳውን ሲበሳው እኔ ውስጥ ሆኜ እጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወጣ ብርሃኑ እንደ በትር ገብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሲሰፋ ሲሰፋ መጀመሪያ የታየው ቆሻሻዬ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረ ካልሲ። ከሁሉም የከፋው ግን ሚስማር ላይ የተሰቀለው ኮቴ ነበር። ያ የምኮራበት ጥቁር ኮት አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም እንደ ጎመን። የገዛሁት በመብራት ነበር፤ ጠዋት እየለበስኩ የምወጣው በጨለማ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ የሚያዩኝን እያየሁ እንጂ ራሴን አይቼ አላውቅም። ጨርቅ እየሸጠ የሚኖር ሰው! ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ኮቱንም እኔንም አየችና "ድምፅህን ብቻ ማግባት ነበረብኝ" አለች። ቢሆንም አገባችኝ። ሐጂ ይማም ለሠርጉ አንድ ጋን ማር ሰጡ፤ መሪጌታ ደግሞ ሎሚውን።

ያ መስኮት ያሳየን ምን ነበር? እንጨት የጫኑ አህዮች፣ እሪ በከንቱ ወንዝ ዳር የተሰጣ ልብስ፣ ከጭጋጉ የሚወጡ ባሕር ዛፎች፣ ከሩቅ የሚሰማ የሸክላ ዘፈን። ጽጌ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትወደው። የመሪጌታ መስኮቶች ወደ ምዕራብ ስለሆኑ ጠዋት ክፍላቸው ጨለማ ነበር። አሁን የጠዋቱ ፀሐይ በኛ መስኮት በሰያፍ ገብቶ በጣውላው ላይ ተሻግሮ እብራናቸው ላይ ያርፋል። መሪጌታ ገና ከመንጋቱ ጽሕፈት ጀመሩ። "እንግዲህ ትራፊ በላተኛው እኔ ሆንኩ" እያሉ ከማዶ ይቀልዱ ነበር። እሜቴ ብቻ በየጠዋቱ ደጅ እየወጡ ሜዳውን ያያሉ፤ እንደ ባላቸው። ጎረቤት አልመጣም። የመጣው ጠላት ነው፤ እኛም ተበተንን። ስንመለስ እሜቴ የሉም፣ መሪጌታ የሉም፣ ቤቱም የሌላ ሰው ሆኗል። እኛም ሌላ ሰፈር ኖርን፤ አረጀን ልል ነበር፣ ጽጌ ግን አላረጀሁም ስለምትል አረጀሁ ብዬ ልለፈው።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ደጁ ላይ ቆሜአለሁ። አናጢው አሳልፈኝ ስለው አሳለፈኝ። በተፈለቀቀው ደረጃ እንደ ዶሮ እየዘለልኩ ወጣሁ። ቤቱ ከኛ ጊዜ በላይ ተከፋፍሏል፤ ጣውላ በጣውላ ላይ፣ በየበሩ ቁጥር፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ የመብራት ቆጣሪ ተደርድሮ፣ ሽቦው እንደ ሐረግ ተጠላልፏል። የአንበሳው በር አሁንም አለ፤ አፍንጫው ላይ የቴሌቪዥን ሽቦ አስረውበታል። የኔን በር አንኳኳሁ። ጸጉሯን በቢጉዲን የጠቀለለች ወጣት ከፈተች፤ ማርታ እባላለሁ አለችኝ በኋላ።

"ማንን ፈለጉ አባባ?"

"መስኮቱን።"

"መስኮቱን?"

"እኔ ነኝ ያስወጣሁት።" መስከሬ እንደሆነ አፍንጫዋን ወደኔ አስጠግታ አጣራችና አስገባችኝ።

መስኮቱ አለ። እሪ በከንቱ ግን የለም፤ አህዮቹም፣ ባሕር ዛፎቹም፣ ፀሐዩም። ከመስኮቱ ወዲያ፣ እጅ ብዘረጋ የምነካው የሲሚንቶ ግንብ ቆሟል። አዲስ ሕንጻ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ጎኑን ለጎናችን ሰጥቶ ተጣብቆ። ግራዝማች፣ መጣልዎ! ዘገየ እንጂ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዮቹ ደጅ ናቸው፤ መኪናው ከሰዓት ይመጣል፤ የማለው እኔ ነኝ፤ እዚህ ያለሁትም እኔ ነኝ። አንድም ሰው አይጠይቀኝም። ለዚህ ነው የከበደኝ፤ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ቀልጄ እሸሸው ነበር።

"ልጄ" አልኳት "ይሄን መስኮት ልዘጋው ነው የመጣሁት።"

"ይቀልዳሉ አባባ?"

"ሁልጊዜ። ዛሬ ግን እንጃ።" ነገርኳት፤ ግራዝማችን፣ እሜቴን፣ መሐላውን። እሷ ባለችበት ቆማ ሰማችኝ። ምን ልትመልስልኝ እንደነበር አላወቅሁም፤ ከውጭ፣ ከሲሚንቶው ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

"ማርታዬ! ቶሎ ተቀበይኝ፣ እጄ ተቃጠለ!"

ከኔ መስኮት ትይዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሕንጻው ግንብ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። ከዚያች ውስጥ ሒና የሞቀ የሴት እጅ ብቅ ብሏል፤ የያዘው ካውያ ነው፣ ጢሱ እየወጣ። ማርታ ሮጣ በጨርቅ ተቀበለችው።

"አናጢዎቹ መብራቱን ቆርጠውብኝ ነው፤ ከድጃ ናት የምታግዘኝ" አለችኝ።

"እንግዳ አለሽ እንዴ?" አለች ባለሒናዋ።

"አንድ አባባ ናቸው፤ መስኮቱን ሊዘጉት መጥተው።"

ከማዶ "አባባ" የሚል መጣ፣ የጠራ የወሎ ዜማ። "መዝጋቱ ካልቀረ ካውያዬን መልሱልኝና ይዝጉት።"

ማርታ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር። እኔ ካውያው ወዲያ እስኪመለስ ጠበቅኩ፤ ባዶ እጅ ሳይሆን በሳህን ጎመን ተሸኝቶ ሄደ። ከዚያ ተነሣሁና ወረድኩ።

"እሺ አባባ፣ ድንጋይዎን?" አለኝ አናጢው።

"ጫነው" አልኩት። "አንዷን ብቻ ስጠኝ።" ትንሿን መርጦ ሰጠኝ። ባርኔጣዬ ውስጥ አድርጌ ያን ሽቅብ ከጉልበቴ ጋር እየተጣላሁ ወጣሁ።

ጽጌ በሩን ከፍታ ባርኔጣዬ ውስጥ አየች። የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ጥቅስ አይጠፋትም። "ዳቦ ለለመነው ድንጋይ የሚሰጥ ከናንተ ማን ነው የተባለው ላንተ ነበር?" አለች።

"ጎረቤቱ መጣ" አልኳት።

ወዲያው ገባት። ድንጋዩን በሁለት እጇ ወሰደችው፤ በአንዱ ፊቱ ላይ የግንበኛው መዶሻ ምልክት ነበር፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "መስኮቱንስ? ደፈንከው?"

"ካውያ እያለፈበት ነበር። አልቻልኩም።"

ድንጋዩን የደረቀው ሎሚ ካለበት ሣጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደኔ ዞረች።

"በራስህ ማል ያልኩህ ለዚህ ነበር" አለች። "በኔ ምለህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገድለኸኝ ነበር። እንግዲህ የምትሞተው አንተ ነህ። ከዚያ በፊት ግን ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ድረስ።"